የአሊ ቢራ ደካማ ዘፈን የቱ ነው?

ነቀምቴ ላይ ጠብ ያማረው ሰው ፖለቲካ ማንሳት አያስፈልገውም። ፖለቲካ ሲነሳማ ሰው ግራ ቀኙን ይቃኝና ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራል። ጠብ ያማረው ሰው ማኪያቶውን አዝዞ፣ ጎረቤት ጠረጴዛ እንዲሰማው ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ «ለመሆኑ የአሊ ቢራ ደካማ ዘፈን የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ማኪያቶው መቀዝቀዙ ነው።

እኛ ይህን ጥያቄ ይዘን ስንዞር ከርመናል። ጋዜጠኝነት ተምረን ስንመረቅ ይህን ያህል ትርፍ ጊዜ እንደሚኖረን የነገረን ሰው አልነበረም፤ ይኸው ሞልቶናል። ነቀምቴ ጀመርነው፤ ከዚያ ለሰርግም ለለቅሶም ለዘመድ ጥየቃም በሄድንበት ሁሉ፣ ጊምቢም ሻምቡም ባኮም፣ ጣል እያደረግነው መጣን። የምንጠይቀው በኦሮምኛ ነው፣ የምንጽፈው በአማርኛ፤ ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ጠብ ስለሆነ ለሌላ ቀን ይቆየን።

መልሱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ «የለውም» ይባላል። ቀጥሎ ጥያቄው ወደ ጠያቂው ይዞራል፦ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» የማን ልጅ እንደሆንን ስንናገር፣ አባታችን አሊ ቢራን እንዴት ይወዱ እንደነበር ይነገረናል፤ ተግሣጽ መሆኑ ነው። ሦስተኛው መልስ የሚመጣው ሁለተኛው ቡና ሲቀርብ ነው። ድምፅ ዝቅ ይላል። «እንደው ለነገሩ ያቺኛዋ ዘፈን...» ተብሎ ይጀመራል። ከዚያ በኋላ ማንም አያቆመውም። «የለውም» ብሎ ጀምሮ፣ ሁለተኛውን ቡና ጠጥቶ፣ አንዲት ዘፈን ሳይከስ የተነሳ ሰው እስካሁን አልገጠመንም። ሁሉም ሰው አንድ አለው። ደብቆ ነው የያዘው።

ለምን ተደበቀ? አሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አዳማ ላይ ሲያርፍ እኛም እንደ ሰው ሁሉ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ላይ ተጥደን ሰነበትን። የተነገረውን ማንም ያውቀዋል። ድሬዳዋ ተወለደ፤ ገና በጉርምስናው አፍረን ቀሎ የተባለውን ቡድን ተቀላቀለ፤ «ቢራ» የሚለውን ስም ያገኘው ስሙን ካስጠራው ዘፈን ነው፤ በክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ሠራ፤ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአረብኛ ዘፈነ፤ ብዙ ዓመት ባሕር ማዶ፣ ካናዳም ኖሮ ተመለሰ፤ በ2002 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ሁሉም እውነት ነው፣ ሊነገርም ይገባ ነበር። ችግሩ በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ዘፈን አለመኖሩ ነው። ድምፁ በሃያ ዓመቱና በስድሳ ዓመቱ ምን ያህል ተለያየ? የትኛው ሥራው ተለፍቶበታል፣ የትኛው ለገበያ ተቻኩሏል? ኡዱን ሲይዝና ጊታሩን ሲይዝ አዘፋፈኑ ይቀየራል? ይህን የጠየቀ ጋዜጠኛ በእነዚያ ቀናት አልሰማንም። የሕይወት ታሪኩን እያነበቡ ከበስተኋላ ዘፈኑን ዝቅ አድርገው ያጫውቱ ነበር። ዝቅ አድርገው!

ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት፣ ሲያርፍም እንዲሁ ሆኗል። ያኔ ልጆች ነበርን፤ ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ጥላሁን ክፉ ዘፈን ሲወራ ሰምተን አናውቅም። በግማሽ ምዕተ ዓመት ሥራ ውስጥ፣ በቤተ መንግሥት ትእዛዝም በአብዮት ትእዛዝም ከተዘፈኑት መካከል፣ አንድም የማይረባ አልነበረም ማለት ነው? በእኛ አገር ዘፋኝ ሲቀበር ደካማ ዘፈኖቹ አብረውት ይገባሉ። ከመቃብሩ በላይ የሚቀረው ሁሉ ድንቅ ነው።

የዚህን ዕዳ የሚከፍለው ደግሞ ሟቹ አይደለም። ነቀምቴ ውስጥ ከአጎቱ ብር ተበድሮ፣ ለቀረጻ አዲስ አበባ ድረስ ተመላልሶ አንድ ዘፈን ያወጣ ልጅ እናውቃለን። ዘፈኑ ወጥቶ አንድ ቀን ሳይሞላው «ይሄም ዘፈን ነው?» ተባለ። «አሊ ቢራ በነበረበት አገር!» ተባለ። ልጁ የተወዳደረው አንድም ቀን ካልተሳሳተ፣ አንድም ጊዜ ድምፁ ካልሻከረ፣ አንድም ግጥም ካልለቀቀበት ሰው ጋር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ኖሮ አያውቅም። የአሊን ደካማ ዘፈን ብናውቅለት ልጁ የሚይዘው ነገር ያገኝ ነበር፤ ታላቁም ሰው እዚህ ጋ ተሰናክሎ በሚቀጥለው ሥራው እንዲህ ተነሳ የሚባል ታሪክ ይኖረው ነበር።

ፈረንጆቹ ይህን ነገር አያፍሩበትም። የቢትልስ አድናቂዎች እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ «ሪቮሉሽን 9» በሚባል ከስምንት ደቂቃ በላይ በሚፈጅ የድምፅ ቁርጥራጭ ላይ ሲጣሉ ይኖራሉ። ግማሹ የባንዱ ውራ ሥራ ነው ይላል፤ ግማሹ የድፍረቱን ያህል ነው የሚመዝነው። ሌኖንን ሰደባችሁ ብሎ ማንም ማንንም አልከሰሰም። ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስገረመን ግን የ«ሌት ኢት ቢ» ነገር ነው። አልበሙ በ1970 ሲወጣ ፊል ስፔክተር የተባለው ፕሮዲዩሰር በፖል ማካርትኒ አንድ ዘፈን ላይ ኦርኬስትራና የሴቶች መዘምራን ጫነበት። ማካርትኒ ተናደደ። ንዴቱ ሠላሳ ሦስት ዓመት ቆይቶ በ2003 ያው አልበም ጌጡ ተገፎ «ሌት ኢት ቢ ኔክድ» ተብሎ እንደገና ወጣ። አድማጩ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ዘፈኑ ነው የደከመው ወይስ የለበሰው ልብስ ብሎ መጠየቅ ቻለ።

የወለጋም ክርክር ሄዶ ሄዶ እዚሁ ይወድቃል። ሰው «ደካማዋ ይህች ናት» ብሎ ስልኩን አውጥቶ ሲያሰማን፣ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ደካማ ዘፈን አይደለም፤ ደካማ ቅጂ ነው። ዜማው ያው ነው፣ ድምፁም ያው ነው። ከጀርባው ግን አንድ ኪቦርድና የማይደክም፣ የማይሳሳት፣ የማይተነፍስ የድራም ማሽን አለ። ያንኑ ዘፈን በጥንቱ ባንድ፣ ሳክስፎኑ እየተነሳ እየወደቀ፣ የሰማ ሰው የኪቦርዱን ሲሰማ እንደ ተጭበረበረ ነው የሚሰማው። የጥንቱን ያልሰማው ደግሞ ዘፈኑ ራሱ እንዲህ ነው ብሎ ይደመድማል። ጊምቢ ላይ ሁለት ወንድማማቾች በ«ሂን ያዲን» የተነሳ ሲጨቃጨቁ አይተናል። ታላቁ ከአሊ ዘፈን ሁሉ ቁንጮ ነው ይላል፤ ታናሹ ያስተኛኛል ይላል። ግማሽ ሰዓት ከተከራከሩ በኋላ ነው ሁለቱ ስልክ ላይ ያለው «ሂን ያዲን» አንድ አለመሆኑ የታወቀው።

ኪቦርዱ ከሰማይ አልወረደም። በ1961 ዓ.ም. አምኃ እሸቴ አምኃ ሪከርድስን ሲጀምር፣ ፊሊፕስም በጎን ሲያሳትም፣ ሸክላ ማለት በትንሹ ሰባት ስምንት ሙዚቀኛ አንድ ክፍል ውስጥ ቆሞ አብሮ የሚጫወተው ነገር ነበር። እነዚያ ሙዚቀኞች እንጀራቸውን የሚያገኙት ከሆቴልና ከምሽት ቤት ነው። በ1967 ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊ መጣ። ሌሊቱ ሲዘጋ የሌሊቱ ባንድም ቀስ በቀስ ሳሳ፤ አንዳንዱ ቤት እንግዳውንም ሙዚቀኛውንም ቆልፎ ያነጋ ነበር ይባላል፤ ያ ግን ለስንቱ ይደርሳል? ሸክላውን ካሴት ተካው፣ ሙዚቀኛው ተሰደደ፣ ነጋዴው ደግሞ አራት የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋች ከመክፈል አንድ ኪቦርድ ተጫዋች መክፈል እንደሚቀለው ገባው። ይህ የአሊ ብቻ ዕጣ አይደለም፤ የጥላሁንም የማሕሙድም አድማጭ ይህን ጉድጓድ ያውቀዋል። ስለዚህ ብዙው ክስ ከዘፋኙ ላይ ተነስቶ ወደ ሰዓት እላፊው መዞር አለበት ባዮች ነን። ሁሉም ግን አይዞርም። አሊ መሣሪያ የሚያውቅ፣ ኡድ የሚጫወት፣ ጆሮ ያለው ሰው ነው፤ አንዳንዱን ቅጂ ሰምቶ «ይሁን» ብሏል። ይሁን ባይል ይሻል ነበር።

የጥንቶቹ ቅጂዎች አሉ። ኢትዮፒክስ በሚባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ሥራ 28ኛው ቁጥር፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ሙሉ በሙሉ የአሊ ቢራ ነው። ፓሪስ ታትሟል። ነቀምቴ ላይ በእጁ የያዘው ሰው ፈልገን አላገኘንም። ፓሪስ ያለ ሰው የአሊን ጥሩውን ቅጂ ይሰማል፣ ሻምቡ ያለው ኪቦርዱን።

እዚህ አገር የሚሰማውን የወሰነው ዘፈን ጫኚው ነው። ካሴት ቤቶቹ ከተዘጉ ወዲህ ሰው ሚሞሪውን ይዞ ኮምፒውተር ያለው ልጅ ጋ ይሄዳል፤ ልጁ «የአሊ ሙሉው» ብሎ ያለውን ይጭንለታል። ያ «ሙሉው» ከአንዱ ወደ አንዱ ሲገለበጥ የኖረ አንድ ፎልደር ነው። ዓመተ ምሕረት የለው፣ የሙዚቀኛ ስም የለው፣ የገጣሚ ስም የለው፤ «ትራክ 07» ነው የሚለው። የካሴት ሽፋን ላይ ቢያንስ ያቀናበረው ሰው ስም በትንሹ ይጻፍ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ምዕራብ ወለጋና አካባቢው ኢንተርኔትም ስልክም ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ደግሞ፣ ሰው እጁ ላይ የነበረውን ፎልደር ብቻ ነው ደጋግሞ የሰማው። ከዚያ ወቅት የተረፈን አንድ ወዳጃችን «አማሌሌ»ን ዛሬ ሲሰማ ክፍል ይለቃል። እሱ ዘፈኑ ደካማ ነው ይላል። እኛ የለም፣ አንተ ነህ የደከምከው እንለዋለን። (የሰርግ ቪዲዮ አንሺዎችም በዚህ ዘፈን ላይ ያደረሱት በደል አለ፤ እንተወው።)

ሌላው ክስ የቋንቋ ነው፤ ይህን ስንሰማ ግን ቀጥ ብለን ተቀመጥን። አሊ የዘፈነው በምሥራቁ፣ በድሬዳዋና በሐረር አካባቢ ኦሮምኛ ነው። የወለጋ ሰው ደግሞ፣ በትሕትና ለመናገር፣ የኦሮምኛ ባለቤት እኔ ነኝ ብሎ የሚያምን ፍጡር ነው። የትምህርት ቤቱ መጽሐፍም ይህን እምነቱን አላዳከመበትም። በአሊ ግጥም ውስጥ ደግሞ ከአረብኛ፣ ከሐረሪኛ፣ ከሶማሊኛ የመጣ ቃል አለ፤ ዜማውም የኡድ አገር ዜማ ነው፤ ከምዕራቡ ጭፈራ እግር ጋር ወዲያው አይገጥምም። ነቀምቴ ላይ አንድ በዕድሜ የገፉ ኦቦ አንዱን ዘፈን «ግጥሙ ውሃ ነው» ብለው ጣሉብን። አብረናቸው ተቀምጠን ቃል በቃል ስናየው፣ ውሃ ያሉት ስንኝ ውስጥ ሁለት ቃል በወለጋኛ ትርጉሙ ነበር የተረዱት። ሐረርጌ ያደገች ጓደኛችን በስልክ ስትነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያው ጎበዝ ነው» አሉ። ከዚያም ወዲያው፣ ሽንፈት እንዳይሆን መሰለን፣ «ቢሆንም በእኛ አነጋገር ቢለው ይሻል ነበር» አሉ። ይህ ሰው ሁሉ በደም ሥሩ ያውቀዋል የሚባል ዘፋኝ ነው። ደካማውን ባንጠይቅ ኖሮ እኚህ አባት አሊን እያፈቀሩ፣ ግማሹን ሳይሰሙት ይኖሩ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ በየቦታው ስንጠየቅ የምንሰጠው መልስ «ባርኖታ» ነው። ስሙ እንደሚለው ስለ ትምህርት የተዘፈነ ነው። የእኛ ክስ አጭር ነው፦ ዘፈኑ ገና ሳይነካን ይመክረናል። የ«ሂን ያዲን» አሊ አጠገባችን ተቀምጦ ነው የሚያወራን፤ የ«ባርኖታ» አሊ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ፊት ቆሟል። ትምህርት ቤት እያለን በየበዓሉ በተሰነጠቀ ድምፅ ማጉያ ስለሰማነው ይሆን? ይሆናል። ግን ድምፅ ማጉያውን ብናነሳለትም፣ ምክር ምክር ነው።

ይህን ስንል በጣም የጮኸብን አንድ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። አልተሳደበም፤ ቆጠረልን። እሱ ሲማር ትምህርት ቤት ውስጥ ኦሮምኛ የሚማሩበት ቋንቋ አልነበረም፤ አንዳንዴም የሚቀጡበት ነበር። ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1899 መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ያሳተመ፣ ከ1904 ጀምሮም በዚችው በነቀምቴ በኦሮምኛ ያስተማረ ሰው ነው፤ ሆኖም የዚያች ከተማ ልጆች በቋንቋቸው ክፍል ውስጥ ለመቀመጥ እስከ ቁቤ፣ እስከ 1984 ዓ.ም. ጠበቁ። «እናንተ» አለን፣ «ተማሩ ሲላችሁ ምክር ትሰማላችሁ። እኔ የሰማሁት በማን ቋንቋ እንደሚለው ነው።» 

መልስ አልነበረንም፤ አሁንም የለንም። ግን ክሳችንን አላነሳንም። እሱ የነገረን ዘፈኑ ለምን አስፈላጊ እንደሆነ ነው፤ እኛ የምንለው እንደ ዘፈን የቱ ጋ እንደሚቆም ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ እንችላለን ብለን እናምናለን። መምህሩ በበኩሉ «ባርኖታ»ን ከነካችሁ በኋላ የእኔ እነሆ ብሎ፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ ሦስት የፍቅር ዘፈን ከሰሰ። ሦስቱም እኛ የምንወዳቸው ናቸው።

የሚከብደን ተቃውሞ ሌላ ነው። ብዙ ሰው የሚለን፣ «ሌላው መቶ ዘፋኝ ይኑረው፣ ያማ፤ ቋንቋው የተናቀበት ሕዝብ ግን አንድ አሊ ኖሮት እሱንም እናንተ ታሙታላችሁ?» ነው። ቀልድ አይደለም። የአፍረን ቀሎ ልጆች በ1950ዎቹ በኦሮምኛ መድረክ ላይ ሲወጡ በመንግሥት ዓይን የገቡት ዜማቸው ስለሻከረ አልነበረም። ያን ዋጋ የከፈለ ሰው ዘፈን ላይ ነጥብ መስጠት ውለታ ቢስነት ይመስላል። ነገር ግን ይህን የሚሉን ሰዎች ስልክ ላይ ስናይ፣ ከአሊ ሥራ አምስት ስድስት ዘፈን ነው ያለው፤ ሁሉም ያው የታወቁት። በተቃራኒው ነጆ አካባቢ ያገኘነው ምሕረት የለሽ ተቺ፣ የአሊን አንድ ሙሉ ካሴት «መጣል ነበረበት» ያለን ሰው፣ ካሴቶቹን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ እርጥበት እንዳይነካቸው ከእህል ጎተራው በላይ ሰቅሎ ነው የሚያኖራቸው። መጣል የነበረበትንም ጨምሮ። ማጫወቻው ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል፤ ካሴቶቹን ግን በየተራ እያወረደ በእርሳስ ያጠነጥናቸዋል፣ ክሩ እንዳይጣበቅ።

እሱ ቤት ሽፋን አገኘን። በትንሽ ፊደል የተጻፈ የአቀናባሪ ስም፣ የሙዚቀኞች ስም። ስልካችንን አውጥተን አንድ በአንድ ፎቶ አነሳን፤ የራሱ ፎልደር ላይ «ትራክ 07» የሚለውን የትኛው እንደሆነ እየነገረን ስሙን ቀየርንለት። አስራ አንድ ዘፈን ስም አገኘ። ሁለቱ ላይ አልተስማማንም፤ እሱ የመጀመሪያው ቅጂ ነው ይላል፣ እኛ የኋለኛው ነው እንላለን፤ ሳክስፎኑን ደግመን ደግመን ሰማነው።

የጥላሁንን ጀምረናል። ወሊሶ ያደገ ነውና በኦሮምኛ ከዘፈነው ብንነሳ ምን ይላችኋል ብለን ባለፈው ሳምንት ጣል አደረግን። አንዱ ወንበሩን ይዞ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ። ሁለተኛው ቡና ሲቀርብ ተመልሷል።